ከኮምፒውተር ወደ አባባ አምፕ ድምፅ ያለ ገመድ መላክ፦ ብሉቱዙ አስቸገረኝ

ሰላም ዘገርጂ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:20

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ካሴት ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። ቤታችን ሁለት ካርቶን ሙሉ ካሴት አለ። ግማሾቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። የተጻፈባቸውም ቀለሙ ለቅቋል። ከክረምት ጀምሬ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኳቸው ነው። ቴፑን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዤ ኦዳሲቲ በሚባል ፕሮግራም እቀዳለሁ። የማን ድምፅ እንደሆነና መቼ እንደተቀዳ የሚያውቀው ግን አባባ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ መኝታ ቤት ሆኜ ሳጫውት፣ እሱ ሳሎን ተቀምጦ በራሱ አምፕ (አምፕሊፋየር) እና በራሱ ስፒከር እየሰማ ደብተር ላይ ይጽፍልኛል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ኮምፒውተሩን ሳሎን ማምጣት አልችልም፤ ሥራዬም እሱ ላይ ነው። በመካከል ኮሪደር አለ። አባባ በከዘራ ነው የሚሄደው፣ ገመድ እግሩ ሥር እንዲያልፍ አልፈልግም። ስለዚህ ድምፁን ተቀብላ ለአምፑ የምትሰጥ አንዲት ትንሽ የብሉቱዝ ሪሲቨር ገዛሁ። ለኮምፒውተሩም ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ብሉቱዝ ጨመርኩ፤ ዋይፋይ እንጂ ብሉቱዝ የለውም።

አሁን ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ ባሱ ያጓራል። ዘፈን በሌለበትም «ዝዝዝ» የሚል ነገር አለ። በዚያ ላይ ይቆራረጣል፤ በተለይ ሰው በኮሪደሩ ሲያልፍ።

አምፑ የጃፓን ነው፣ እኔ ሳልወለድ የተገዛ። ቡፌ ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ የእማዬ ዳንቴል ከላዩ ላይ እንደተነጠፈ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10 ነው። ርቀቱ 11 ሜትር ይሆናል፣ በመካከል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አለ። ምን ትሉኛላችሁ?


ቮልት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:52

እህቴ፣ ሥራሽን እግዚአብሔር ይባርከው። የእኔ አባት ካሴቶች ሳልደርስላቸው እርጥበት ጨረሳቸው።

ሦስቱ ችግሮች ሦስት የተለያየ ምክንያት ያላቸው ይመስለኛል። ከመሰነጣጠቁ እንጀምር። ከአምፑ ጀርባ ቀይና ነጩን ጃክ የሰካሽበት ቀዳዳ ላይ ምን ተጽፏል? «ፎኖ» ከሆነ አምፑን አጥፊና ንቀይው።

ፎኖ የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ነው። የሸክላ መርፌ የምትሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ አምፑ ወደ መቶ እጥፍ ያሳድገዋል። ሸክላ ሲቀረጽ ደግሞ ባሱ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ አምፑ በዚህ መግቢያ የሚመጣውን ሁሉ ባሱን መልሶ ይጨምርበታል። ከብሉቱዝ ሪሲቨር የሚወጣው ግን ወደ አንድ ቮልት ይጠጋል። ያንን መቶ እጥፍ አሳድገሽ ባስ ስትጨምሪበት የሚሆነው የነገርሽን ነው፤ ይሰነጣጠቃል፣ ያጓራል። ኦክስ፣ ቴፕ ወይም ቱነር የሚል ቀዳዳ ፈልጊ። ሦስቱም ለዚህ ይሆናሉ።

ለዝዝታው ደግሞ አንድ ሙከራ አድርጊልኝ። ሪሲቨሯን ከቻርጀሩ ነቅለሽ በፓወር ባንክ አስነሻት። ዝዝታው ይጠፋል ወይስ ይቀራል?


ሰላም ዘገርጂ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:35

በስልክ መብራት ቡፌው ጀርባ ገባሁ። እውነትህን ነው፣ ፎኖ ላይ ነበር! ባዶ ሆኖ ያገኘሁት ቀዳዳ እሱ ስለነበር ነው የሰካሁት። አሁን ኦክስ ላይ አደረግኩት። መሰነጣጠቁ ጠፋ። አባባ ከሶፋው ሆኖ «አሁን ሰው ሆነ» አለ።

በፓወር ባንክ ሳደርገው ዝዝታውም ጸጥ አለ። ግን ፓወር ባንኩ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ጠፋ። መቆራረጡ ደግሞ እንዳለ ነው።


ቮልት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:58

ጎበዝ። ፓወር ባንኩ አልተበላሸም። ሪሲቨሯ የምትወስደው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው። ብዙ ፓወር ባንኮች ትንሽ ሲወሰድባቸው «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ይዘጋሉ።

ግን ሙከራው የሚፈለገውን ነግሮናል፤ ዝዝታው ከብሉቱዙ ሳይሆን ከቻርጀሩ በኩል ነው የሚመጣው። የብዙ የድሮ ቤቶች ሶኬት ኧርዝ የለውም። ከቻርጀሩ የሚያፈተልክ ጥቂት ኤሌክትሪክ በድምፅ ገመዱ ሽፋን በኩል አድርጎ አምፑ ውስጥ ይገባል። አምፑም ሥራው ማጉላት ስለሆነ ያጎላዋል። አንዳንድ ቀን የአምፑን ብረት ስትነኪ እጅሽን ቅልል አድርጎ አይነዝርሽም? እሱ ነው።

መጀመሪያ ሌላ ጥሩ ቻርጀር ሞክሪ። አምፑንና ቻርጀሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ማድረግም አንዳንዴ ይረዳል። ካልሆነ በድምፅ ገመዱ መካከል የሚገባ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ውስጡ ያለው ትንንሽ ትራንስፎርመር ነው። ድምፁን ያሳልፋል፣ ሁለቱን ዕቃዎች ግን በኤሌክትሪክ ይለያያቸዋል።


ናቲ ሳውንድ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:40

እኔ የሠርግ ሳውንድ ነው የምሠራው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ገመድ ማስገባት ከተቻለ ገመድ ይሻላል።

ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። ኤስቢሲ የሚባለው የብሉቱዝ መጭመቂያ በተለመደው ከፍተኛ ጥራቱ 328 ነው። ልዩነቱን ጭብጨባ ላይ ስሚው። ጸናጽል ላይም ይታወቃል። ማሲንቆ ጅማቱ ሲፋቅ ያለው ሻካራ ነገር ይለሰልሳል፣ ለእኔ ደግሞ ማሲንቆ ማለት እሱ ነው። ጥሩ ሺልድ ያለው 15 ሜትር ገመድ ግዢ፣ በኮርኒሱ በኩል ሳቢው። አባትሽም አይደናቀፉም።


ሐዋሳ 05
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:15

ናቲ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ምንጩን እንየው። ምንጩ ካሴት ነው፤ ለዚያውም ብዙ ዓመት ካርቶን ውስጥ የኖረ ካሴት። ጥሩ ካሴት እንኳን ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ብዙ አይዝም፤ ከሥሩም የራሱ ሽሽታ አለው። ኤስቢሲ የሚቀንሰው ነገር ካሴቱ ራሱ ከቀነሰው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ለማሲንቆው ያለህን ፍቅር ግን እጋራሃለሁ፣ በእሱ አልከራከርም።

ሰላም፣ መቆራረጡን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው፣ የተለመደው ዕቃ ሜዳ ላይ 10 ሜትር አካባቢ ይሄዳል። አንቺ 11 ሜትርና ሁለት ብሎኬት ነው ያለብሽ። ሰው ሲያልፍ የሚቆረጠውም ለዚህ ነው። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ሞገዱ እንኳንስ ሰው ተጨምሮበት፣ ሳሎን የሚደርሰውም ተንጠፍጥፎ ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የብሉቱዟን ዩኤስቢ የሰካሻት ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ሰማያዊ ምላስ ያለው ቀዳዳ ላይ ነው? ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ያወጣል። ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህንን በጽሑፍ አስረድቷል። አጠገቡ ሃርድ ዲስክ ከተሰካ ይብሳል። የአንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ፈልጊና ብሉቱዟን ከኮምፒውተሩ አርቀሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጫት። ሪሲቨሯንም ከቡፌው አውጫት። የአምፑ ብረት ከኋላዋ፣ የቡፌው ዕቃ ከፊቷ ሆኖ ምን ትስማ?


ሰላም ዘገርጂ
እሁድ፣ ከቀኑ 7:10

ከቤተክርስቲያን መልስ ሞከርኩት። ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ነበረች፣ ካሴቶቹን የማስቀምጥበት ሃርድ ዲስክም አጠገቧ። ማራዘሚያ ተዋስኩና ቁም ሣጥኑ ጫፍ ላይ አወጣኋት። ሪሲቨሯንም ከቡፌው አውጥቼ ጠርዙ ላይ አደረግኳት።

በጣም ተሻሽሏል። ቀድሞ በደቂቃ ሁለት ሦስቴ ነበር፣ አሁን በአንድ ካሴት ገጽ አራት አምስቴ ቢቆረጥ ነው። ግን ለእኛ ሥራ ይህም ይከብዳል። አባባ ዘፋኙን የሚለየው አንዳንዴ ከአንዲት ትንፋሽ ነው። እዚያች ላይ ሲቆረጥ «መልሺው» ይላል፣ እኔም እየተነሣሁ እመልሳለሁ።

ናቲ፣ የኮርኒሱን ሐሳብ አመሰግናለሁ። ቤቱ የኪራይ ነው፣ ባለቤቷ ኮርኒስ እንዲነካ አትፈቅድም።


ከሲልቨር ስፕሪንግ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2:05

ሰላም ከአሜሪካ። እኔ ቤት ይህንን ከብሉቱዝ አውጥቼ ወደ ዋይፋይ ካዞርኩት ቆየሁ። አንድም ቀን አልቆረጠብኝም።

አፕል በ2004 እ.ኤ.አ. ኤርፖርት ኤክስፕረስ የምትባል ግድግዳ ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ አውጥቶ ነበር፣ የድምፅ መውጫ ያላት። ያኔ ዘዴው ኤርቱንስ ይባል ነበር፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ኤርፕሌይ ሆነ። ድምፁን በሲዲ ጥራት ምንም ሳይቀንስ ነው የሚልከው። ነጯ ጠፍጣፋዋ ሁለተኛዋ ትውልድ በ2018 እ.ኤ.አ. ኤርፕሌይ 2 እንድትቀበል ተደርጋለች። በዚያው ዓመት አፕል እሷን ጨምሮ ራውተሮቹን መሸጥ አቆመ። አሁን የሚገኘው ያገለገለ ብቻ ነው፣ እዚህ በርካሽ ይሸጣል። በ220 ቮልትም ትሠራለች፣ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የምትፈልገው። ከዊንዶውስ ለመላክ ቲዩንብሌድ የሚባል ፕሮግራም አለ።

ድምፁ ሁለት ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ለሙዚቃ ምንም አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፣ ሌሎችም ስለምታነቡ። ከዚህ አምፕ ወይም ሪሲቨር የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ከጀርባው ያለውን ቮልት እንዲያነብ ንገሩት። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አዲስ አበባ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። አክስቴ ቤት አንዱ በመጀመሪያው ቀን ጢሱ ወጥቷል።


ሐዋሳ 05
እሁድ፣ ከምሽቱ 2:50

በዋይፋዩ እስማማለሁ። ግን ሰላም፣ ዕቃ እስኪመጣ አትጠብቂ። ቤትሽ ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ አንድሮይድ አለ? የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው የሚሠራ እስከሆነ ድረስ እሱ ራሱ ሪሲቨር ይሆንልሻል።

ኦዲዮሪሌይ የሚባል አለ፣ ሳውንድዋየር የሚባልም አለ። አንዱን መርጠሽ ኮምፒውተሩ ላይም ስልኩ ላይም ትጭኛለሽ። ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ድምፅ በሙሉ ስልኩ ላይ ይሰማል። ስልኩን በኦክስ ገመድ አምፑ ላይ ትሰኪዋለሽ።

ለአንቺ ቤት የሚስማማበት ምክንያት አለው። ራውተርሽ የት ነው? ኮሪደር ላይ ከሆነ ሞገዱ ከመኝታ ቤት ኮሪደር አንድ ግድግዳ፣ ከኮሪደር ሳሎን አንድ ግድግዳ ብቻ ነው የሚያልፈው። ብሉቱዙ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚያልፈው። ዋይፋይ ደግሞ ጉልበቱም ይበልጣል። በዚያ ላይ ስልኩ የራሱ ባትሪ አለው። ስትሰሙ ቻርጀር አትሰኪበትም፣ ስለዚህ ቮልት የነገረሽ የቻርጀር ዝዝታ መግቢያ አያገኝም።


ሰላም ዘገርጂ
እሁድ፣ ከምሽቱ 3:02

ራውተሩ በትክክል ኮሪደር ላይ ነው። የወንድሜ አሮጌ ስልክም መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ስክሪኑ እንደ ሸረሪት ድር የሆነ። ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። ቀኑን ሙሉ በዋይፋይ ሙዚቃ ከላክሁ ኢንተርኔቱን አይበላውም?


ሐዋሳ 05
እሁድ፣ ከምሽቱ 3:11

አይበላም። ይህንን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ስለዚህ ግልጽ ላድርገው። ድምፁ ከኮምፒውተርሽ ወደ ራውተሩ ይሄዳል፣ ከራውተሩ ወደ ስልኩ። ከግቢያችሁ አይወጣም። ራውተር ማለት እዚህ ጋ የቤት ውስጥ ፖስተኛ ነው። መስመሩ ቢቋረጥ፣ ክፍያው ቢያልፍ፣ ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ሙዚቃው ይቀጥላል። ኢንተርኔት የሚያስፈልግሽ ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ስታወርጂ ብቻ ነው።

ስልኩ ላይ ሲም አውጪበት። ኤርፕሌን ሞድ አድርጊና ዋይፋዩን ብቻ መልሰሽ አብሪ። አለበለዚያ በዘፈኑ መካከል የመልእክት «ጢንግ» በአባትሽ ስፒከር ይወጣል። ከባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ለዚያ ፕሮግራም ባትሪ ቁጠባውን አጥፊ፣ ካልሆነ ስክሪኑ ሲጠፋ አንድሮይድ ያስተኛዋል። የስልኩን ድምፅ እስከ ጣሪያው ከፍ አድርጊ፣ ማሳነሱን በአምፑ ቁልፍ አድርጉት። የስልክ መውጫ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቮልት በታች ስለሆነ ስልኩ ላይ ቀንሰሽ አምፑ ላይ ብትጨምሪ የአምፑን ሽሽታ ነው የምታጎዪው።

ሌላው ጥንቃቄ፦ ስልኩን ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ አትተዪው። ያረጀ ባትሪ ያብጣል። ከዳንቴል ሥር ደግሞ በፍጹም።


ቤዛ ኤም
እሁድ፣ ከምሽቱ 3:30

ክሩ ውስጥ ስለገባሁ ይቅርታ፣ የእኔ ጥያቄ ስለ ፊልም ነው። በብሉቱዝ ወደ ስቴሪዮ ስልክ አፉ ቀድሞ ይንቀሳቀስና ድምፁ በኋላ ይመጣል። መፍትሔ አለው?


ሐዋሳ 05
እሁድ፣ ከምሽቱ 3:44

አለው ቤዛ። ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድና ከዚያም በላይ ያዘገያል። ፊልሙን ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ክፈቺው። ጄ የሚለውን ፊደል በተጫንሽ ቁጥር ድምፁ በ50 ሚሊሰከንድ ይቀድማል፣ ኬ ደግሞ ያዘገየዋል። አራት ጊዜ ያህል ጄን ተጫኚና ሰው ሲናገር አፉን እያየሽ አስተካክዪው። ዊንዶውስ ላይ ነው ይሄ።


ጡረተኛው መምህር
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። የሰላም ሥራ ልቤን ነካው። አባትሽን ሰላም በይልኝ።

የኔም ጥያቄ ይመለስልኝ። ላፕቶፔን በብሉቱዝ ከስቴሪዮ ጋር አገናኝቼ ዜማ እሰማለሁ፣ ጥሩ ነው። ውጭ ካሉት ልጆቼ ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር ግን ድምፁ እንደ ድሮ የገጠር ስልክ ይሆናል። ከተሰናበትን በኋላ ዜማውም እንደዚያው ሆኖ ይቀራል። ስቴሪዮው ተበላሽቶ ነው?


ቮልት
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:40

እንደምን አደሩ መምህር። ስቴሪዮዎ ደህና ነው፣ አይስጉ።

የብሉቱዝ ሪሲቨርዎ ማይክ ያለው ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ዕቃ ዊንዶውስ ላይ በሁለት መልክ ይታያል። አንዱ ለሙዚቃ ነው፣ ጥራት ያለው። ሁለተኛው «ሃንድስ ፍሪ» የሚለው ለስልክ ጥሪ ነው። የቪዲዮ ጥሪ ሲከፍቱ ኮምፒውተሩ በዚያ ማይክ ልስማ ይልና ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ያኔ ድምፁ ሞኖ ይሆናል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ጥሪው ሲያበቃ መመለስ ነበረበት፤ ግን ፕሮግራሙ ከጀርባ ክፍት ከሆነ ማይኩን እንደያዘ ይቀራል።

ከጥሪው ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ማይኩን የላፕቶፑን ራሱን ይምረጡ። ከዚያ በኋላም ካስቸገረዎት ከድምፅ ሴቲንግ ሃንድስ ፍሪ የሚለውን ብቻ ያጥፉት። ሙዚቃውን አይነካብዎትም።


ጡረተኛው መምህር
ሰኞ፣ ከቀኑ 5:20

አደረግሁት፣ ተስተካከለ። ዕድሜ ይስጥህ ልጄ። ትላንት ማታ የልጅ ልጄን ድምፅ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም ነበር።


ናቲ ሳውንድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ለሐዋሳ 05 ጥያቄ አለኝ። ይህንን የስልክ ነገር ለቋሚነት አላምነውም። ራዝቤሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ትሻላለች ሲሉ እሰማለሁ። ሞክረኸዋል?


ሐዋሳ 05
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

ቤቴ ያለው እሱ ነው። ፓይ ዜሮ 2 ላይ ሼርፖርት ሲንክ የሚባል ፕሮግራም ጭኛለሁ። ስልኮችና ኮምፒውተሮች እንደ ኤርፕሌይ ስፒከር ያዩታል።

የሚመጣውን ድምፅ ግን በምን ታወጣዋለህ? ዜሮዎቹ የድምፅ ቀዳዳ የላቸውም፣ ፓይ 5ም የለውም። ፓይ 4 አለው፣ ግን ጥሩ ስፒከር ላይ ስታደርገው ሸካራነቱ ይታወቅሃል። ስለዚህ ዳክ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ትጨምራለህ፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የምትቀይር። እኔ ፒሲኤም 5102 ያላት ናት ያደረግኩት፣ ለአንተም ጆሮ ታጠግባለች ብዬ አምናለሁ።

እኛ ሀገር ትልቁ ጣጣ መብራት ነው። ፓይ ሲስተሙን የሚያነበው ከሚሞሪ ካርድ ነው። እየጻፈ ባለበት ቅጽበት መብራት ድርግም ካለ ካርዱ ይበላሻል። ሁለት ካርድ እንዲህ አጥቻለሁ። መፍትሔው ራስፒ ኮንፊግ ከሚባለው የፓይ ማስተካከያ ውስጥ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም የሚለውን ማብራት ነው። ከዚያ በኋላ ካርዱ ላይ ምንም አይጻፍም፣ የሚጻፈው ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ይረሳዋል፣ ሲመጣ እንደ አዲስ ይነሣል። ይህንን ካደረግኩ ጀምሮ ካርድ አልቀየርኩም። ግን ሁሉን ነገር ጨርሰህ ነው የምታበራው፣ ከዚያ በኋላ ያስተካከልከው ነገር አይቀመጥም።

ለሰላም ግን ስልኩ ይበቃታል። አባትየው ሲሰሙ እሷም ቤት ናት።


ሰላም ዘገርጂ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:50

ሁለት ቀን የዘገየሁት መብራት ስላልነበረ ነው። ዛሬ ከሰዓት ሁሉንም አደረግኩ።

የወንድሜን ስልክ ሲሙን አውጥቼ፣ ኤርፕሌን ሞድ አድርጌ፣ ዋይፋዩን መለስኩ። ኦዲዮሪሌይ ጫንኩ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ስልኩን አላየውም ነበር። ፋየርዎሉ (የኮምፒውተሩ ጠባቂ) ልፍቀድለት ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ሳላነብ «አይ» ብዬው ኖሮ ነው። ፈቀድኩለትና ወዲያው ተገናኙ። ስልኩን ከቡፌው ውጭ፣ አምፑ ጎን ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አደረግኩት። ቻርጀር የለም።

ድምፁን ሳላጫውት አምፑን ከፍ አደረግኩት። ዝም። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ ነው ትንሽ ሽሽታ የሰማሁት።

ከዚያ 14ኛውን ካሴት ለቀቅኩ። ምንም አልተጻፈበትም። በብሉቱዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ሞክረነው፣ ዝዝታውና መቆራረጡ ተደራርቦ «የሠርግ ነው፣ የማን እንደሆነ እንጃ» ብሎ ያለፈው ነው። አሁን ከበሮው ገባ። ጭብጨባው ገባ። ናቲ፣ ጭብጨባው አንድ ጫጫታ አልነበረም፣ የብዙ ሰው እጅ ነበር። አባባ ብዕሩን ይዞ ጎንበስ ብሏል። ከሩቅ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል። አባባ ብዕሩን አስቀመጠ። «መልሺው» አለ። መለስኩት። እንደገና «መልሺው» አለ። ሦስተኛው ላይ «እማማ ናት» አለ። የእሱ እናት ማለቱ ነው፣ እኔ አላየኋትም። ካሴቱ የታላቅ ወንድሙ ሠርግ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ 1968 ዓ.ም.። ደብተሩ ላይ ጽፎታል።

ይህችን እልልታ ብቻዋን ቆርጬ በሌላ ፋይል አስቀምጫለሁ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቮልት፣ ሐዋሳ፣ ናቲ፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ፣ መምህር፣ አባባ ስማችሁን አንድ በአንድ አስነብቦኛል።


ናቲ ሳውንድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:10

እንኳን ደስ አላችሁ። አነባሁ። ዋናውን ቅጂ ሳትጨምቂው በዌቭ አስቀምጪው፣ ኤምፒ3 ብቻ እንዳይሆን። ሃርድ ዲስኩም ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ።


ሐዋሳ 05
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:22

ሰላም፣ በጣም ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ሌሎችም ይጠቀሙበት። ባፈሩን፣ ማለት ድምፁ ከመጫወቱ በፊት የሚጠራቀምበትን ጊዜ፣ ስንት ላይ አደረግሽው? ከጀመርሽ ጀምሮ ቆርጦብሻል?


ሰላም ዘገርጂ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:31

መጀመሪያ ትንሹ ላይ ነበር፣ ወንድሜ ቪዲዮ ሲያወርድ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አለ። ወደ 300 ሚሊሰከንድ ከፍ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ አራት ካሴት ሰምተናል፣ አንድም አልቆረጠም። መዘግየቱ አይታወቅም፤ እኔ መኝታ ቤት ቁልፉን ስጫን አባባ ሳሎን ውስጥ «መጣ» ይለኛል። ስልኩ በአራቱ ካሴት ከሙሉ ወደ 71 በመቶ ወርዷል። አሁን ቻርጅ ላይ ነው፣ ወጥ ቤት። ነገ የሚቀጥለውን እንጀምራለን።